በየተራ ያስተናገድነው ሰው

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የማላውቀው ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ማጋነኔ አይደለም። መንደራችን ጋነት ኮቭ አሥራ አራት ቤት ብቻ ነበረች፤ ከጀርባዋ ድንጋይና ረግረግ፣ ከፊቷ ባሕር። መንገድ የላትም። የፖስታ መርከብ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ትላለች፤ ባሕሩ በረዶ ሲሆን ደግሞ እሷም ትቀራለች። ትልልቁን ወንድ ሁሉ አጎት፣ ትልልቋን ሴት ሁሉ አክስት እያልን ነው ያደግነው። ግማሾቹ በእርግጥም አጎቶቻችንና አክስቶቻችን ነበሩ። ሌሎቹም ቢሆኑ ቅም አያታችን ላይ ስንደርስ መገናኘታችን አይቀርም።

ስለዚህ በዚያ በሰኔ ወር፣ አባቴ ከጉሙ ውስጥ ጀልባውን እየቀዘፈ ሲወጣና ከኋላው በገመድ የታሰረች ትንሽ ቢጫ ታንኳ ሲጎትት፣ ታንኳዋ ውስጥም ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ጺማም ሰው ሳይ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የማን ዘመድ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

«አባባ፣ ይሄ የማን አጎት ነው?»

«የማንም አይደለም» አለ አባቴ፣ ገመዱን እያሰረ። «የእግዜር እንግዳ ነው።»

አባቴ ኤላም ፓርዲ ይባላል። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ሰውየውን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ እየጮኸ ነበር፤ ሙቅ ውሃ አምጡ፣ ብርድ ልብስ አምጡ እያለ። እናቴ ድሩሲላ እጆቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችለት። ጨው የበላቸው ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ሥጋቸው ይታይ ነበር። አምስት ቀን ብቻውን ጉም ውስጥ ሲዞር ከርሞ ነው አባቴ ያገኘው። እጆቹን አጥባ ስትጨርስለት የእናቴን እጅ አንሥቶ ሳመ። እናቴ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ እኛ አገር እጅ የሚስም ሰው የለም።

ስሙ አዴሊኖ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከፖርቱጋል ነጫጭ መርከቦች ከአንዱ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። መርከቦቹን በሩቁ እናውቃቸው ነበር፤ በየበጋው ከአድማስ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ይታያሉ። አንዱ መርከብ ሌሊቱ ሲነጋጋ ሃምሳ ሰው በሃምሳ ታንኳ ባሕሩ ላይ ይበትናል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ያጠምዳል፣ ማታ ይሰበሰባል። ያልተሰበሰበው የጉሙ ድርሻ ነው።

በሦስተኛው ቀን አጎት አዛርያ ሊያዩት መጡ። አጎት አዛርያ የመንደራችን ትልቅ ሰው ነበሩ። ቄስ በዓመት ሁለቴ ብቻ ስለሚመጣ እሑድ እሑድ ጸሎቱን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ የቴሌግራም መሣሪያውም ያለው እሳቸው ሳሎን ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ የታመመ ወደ ከተማ የሚላከው በእሳቸው ቃል ነው። አዴሊኖ አንገቱ ላይ ያሰረውን፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የማይታየውን የካቶሊክ መቁጠሪያ ረጋ ብለው ተመለከቱና፣ «እንግዳ የሁሉም ነው» አሉ። «ለድሩሲላ ብቻ ለምን ይተዋል? አንድ ቤት አንድ ሳምንት ይቀበለው። በየተራ።»

እኔ ይህ ትልቅ ክብር መስሎኝ ነበር። ሁሉም ስለወደደው እንዳይጣሉ የተከፋፈሉት መስሎኝ ነበር። ሳምንታችን ሲያልቅና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ጎረቤት ሲሄድ አልቅሼ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ልጆቹ ሁሉ እንፎካከር ነበር። እኛ ቤት እያለ የሳልሞን ሾርባ በላ፣ እኛ ቤት እያለ የአባቴን ካፖርት ለበሰ፣ እኛ ቤት እያለ ዘፈነ፤ ይህን እያልን።

እናቴ ሰማንያ ከሞላት በኋላ አንድ ቀን በጡረተኞች ቤት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን አስተካከለችልኝ። «ውሻ እንኳን ሳምንት ከቀለብሽው ያንቺ ይሆናል» አለችኝ። «አጎት አዛርያ ይህን ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው በስምንተኛው ቀን የሚያስነሣው።»

አዴሊኖን ቋንቋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ ሲያናግሩት ደንቆሮ ይመስል ይጮሁበታል፤ እኔ ግን ዕቃውን እያነሣሁ ስሙን እነግረው ነበር። ማንኪያ። ቦት ጫማ። ድንች። እሱም «ሴሊኒኛ» ይለኛል፤ ሰሊና ማለቱ ነው፤ በእነሱ አጠራር ትንሿ ሰሊና እንደማለት ነው። ሲስቅ ከፊት አንድ ጥርስ እንደሌለው ይታያል። ሳምንቱ የየትኛውም ቤት ይሁን፣ ከሥራ ሲመለስ በእኛ በኩል ሳያልፍ አይውልም ነበር።

አንድ ምሽት ከአባቴ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ሊያስረዳው ሞከረ። ስድስት ጣት አሳየ፤ መርከብ በእጁ ሠራ፤ ስድስት ጊዜ ሄዶ ስድስት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ደረቱን ነካና ሁለት ጣት ብቻ አሳየ። ቀጥሎ መጥረጊያውን አንሥቶ ትከሻው ላይ እንደ ጠመንጃ ደገነ። እኔ አደን መስሎኝ እንደ ተመታ ወፍ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ማንም አልሳቀም። አባቴ እጁን ዘርግቶ መጥረጊያውን ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደና ጥግ አቆመው።

አሁን ትርጉሙን አውቃለሁ። በዚያን ዘመን የእነሱ ወጣት ስድስት በጋ ኮድ የተባለውን ዓሣ ካጠመደ ውትድርና ይቀርለታል። አዴሊኖ ሁለቱን ነው የጨረሰው። በዚያው ዓመት በቅኝ ግዛታቸው በአንጎላ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ ከመርከቡ ጠፍቶ የቀረ ሰው ከተያዘ የሚላከው ወደዚያ ነው። አባቴ ያን ምሽት ይህ ሁሉ ገብቶታል። የጦርነቱን ስም ባያውቀውም፣ ልጁ ወደ መርከቡ ቢመለስ ምን እንደሚጠብቀው ገብቶታል።

ሐምሌ ላይ ጣቶቹ ዳኑና በቢጫ ታንኳው ባሕር መውጣት ጀመረ። እንደ እኛ ሰዎች በትልቅ መረብ ሳይሆን በእጅ ገመድና በመንጠቆ ነው የሚያጠምደው። የውሃውን ቀለም አይቶ፣ ወፎቹ የሚያርፉበትን አይቶ መልሕቁን ይጥላል፤ ቀትር ሳይሆን ታንኳዋ ሞልታ ትመለሳለች። የያዘውን ሁሉ ለሳምንቱ ባለቤት ይሰጣል። አንዲት ዓሣ እንኳን ለራሱ አስቀርቶ አያውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የአጎት አዛርያ ጀልባ በየማለዳው ከኋላው ትወጣ ጀመር። ከዚያ ሌላ ጀልባ፤ ከዚያ ሌላ። እኔ ዳግመኛ ጉም ውስጥ እንዳይጠፋ የሚጠብቁት መስሎኝ ከዳገቱ ላይ ሆኜ ልቤ በደስታ ይሞላ ነበር። እሱ መልሕቅ ሲጥል ከበው ይጥላሉ። እሱም እየሳቀ ባርኔጣውን ያነሣላቸውና ቦታውን ለቆ ሌላ ይፈልጋል። እዚያም ይከተሉታል።

«ቢቆጣ ኖሮ ይሻለው ነበር» ብላኛለች እናቴ። «አንድ ቀን ተነሥቶ ቢሰድባቸው ኖሮ እንደ ሰው ያዩት ነበር። እየሳቀ ሲለቅላቸው ነው የጠሉት።»

በሰባተኛው ሳምንት ተራው የአክስቴ ትራይፊና ሆነ። ባሏ ከአራት ዓመት በፊት ባሕር የወሰደባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች፤ የሚያሰጋት ነገር ስለሌለ የሚያስፈራትም ሰው አልነበረም። አዴሊኖ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ደፈነላት፣ የድንች ማከማቻ ጉድጓዷን በር አዲስ አድርጎ ሠራላት። ጉድጓዷ ከዳገቱ ጎን ወደ ውስጥ የተቆፈረች ጨለማ ጓዳ ነበረች፤ እሱና እኔ ድብብቆሽ ስንጫወት ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚገባው፤ ሁልጊዜም አገኘዋለሁ። ባሏ ከውሃው አጠገብ የተወላት ጉቶ የበዛበት መሬት ነበራት። አንድ ቀን አዴሊኖን እዚያ ወስዳ በእጇ ዙሪያውን አሳየችው። ከዚያ እሱ ወደ እኔ መጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳስተምረው ለመነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አለማመድኩት። ቃሉን ሲጥል እጁን በማንኪያ እመታዋለሁ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ መንደሩ ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደቆመ፣ አዴሊኖ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አጎት አዛርያ ፊት ቆመ።

«አጎት አዛርያ፣ እዚህ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ። ከእናንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

አንዲት ቃል አልሳተም። እኔ በኩራት ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው ሁሉ ግን የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። አጎት አዛርያ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እናያለን ልጄ» አሉት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ በትምህርት ቤቱ ተሰበሰቡ። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። አንዱ ዛሬ አንድ ነው፣ ከርሞ ወንድሙን ይጠራል ይላል። ሌላው ጸሎቱን ለማን እንደሚያደርስ አናውቅም ይላል። ባሕሩ ለእኛም አልበቃ፣ የሚልም ነበር። አባቴ ብዙ ቆይቶ፣ «ክፉ አላደረገም» አለ።

«ክፉ አለማድረጉ ነው እኮ ችግሩ» አሉ አጎት አዛርያ። «ክፉ ቢያደርግማ ቀላል ነበር። እንግዳ በመጣበት በር ይሄዳል። ይሄ ልጅ ግን ሥር እየሰደደ ነው። ሥር ከሰደደ በኋላ ማን ይነቅለዋል?»

«መሬቱ የኔ ነው» አለች አክስቴ ትራይፊና።

«የባልሽ ነው።»

«ባሌ ባሕር ውስጥ ነው፣ አጎት አዛርያ። ወርደው ይጠይቁት። አይከለክልም።»

ከዚያ አጎት አዛርያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኤላም» አሉ፤ «ከባሕር ያወጣኸው አንተ ነህ። የመጨረሻው ቃል ያንተ ይሁን።»

ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል። አባቴ በመጨረሻ፣ «እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለ።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥር ስለመንቀል። የአክስቴ ትራይፊና መሬት በጉቶ የተሞላ ነው፤ ቤት ለመሥራት ሥሩ መነቀል አለበት፤ ማን ይነቅለዋል ብለው ተመካከሩ፤ አባቴም ተስማማ። በሩጫ ወርጄ አዴሊኖን መረቡን ሲጠግን አገኘሁትና፣ «ሥሩን ሊነቅሉልህ ነው!» አልኩት። ጉቶ በእጄ አሳየሁት፤ ስነቅል አሳየሁት። ሲገባው ብድግ አድርጎ አነሣኝና አዞረኝ። በማግሥቱ ማንንም ሳይጠብቅ መጥረቢያ ተውሶ ወደ መሬቱ ወረደ።

ሁለት ሳምንት ጉቶ ነቀለ። ጠዋት ያጠምዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይቆፍራል። ወንዶቹ በዚያ ሲያልፉ ባርኔጣ ያነሡለታል። ጠመዝማዛውን ሥር ሲጎትት ቆመው ያዩታል። ተው የሚለው ሰው አልነበረም። አባቴ ያን ሰሞን በዳገቱ በላይ፣ በሩቁ መንገድ ዞሮ ነበር ወደ ቤት የሚመጣው። ወገቡን ስላመመው ለስላሳውን መንገድ የመረጠ መስሎኝ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ እናቴ አጎት አዛርያ ዘንድ እንቁላል ላከችኝ። ሳሎን ስገባ የቴሌግራም መሣሪያውን ይመቱ ነበር። ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡኝ። የአዴሊኖ መርከብ ተገኝቷል አሉኝ፤ እናቱ የላከችለትን ዕቃና ደብዳቤ ይዞለት ይመጣል። «ድንገት ደስ እንዲለው ነውና እንዳትነግሪው። ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምስጢር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ አፌን በእጄ ይዤ ነው የዞርኩት ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ቀን በትምህርት ቤቱ ግብዣ ተደረገ። ለአዴሊኖ ክብር ነው ተባለ። ጠረጴዛው ላይ የጨው ሥጋ፣ ቀይ ሥርና ድንች፣ ዘቢብ የገባበት ኬክ ተደረደረ፤ አኮርዲዮን ይጮሃል። አዴሊኖ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ከመንደሩ አሮጊቶች ጋር አንድ በአንድ እየጨፈረ ነበር። እናቴ ሳህኗን አልነካችም፤ ጥርሷን ያማት መስሎኝ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሙቀቱ ከብዶት መስሎኝ ነበር።

ነጩ መርከብ ከተራራው ጀርባ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው አዴሊኖ ነው። መስኮቱ አጠገብ ነበር። ሳህኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዙሪያውን የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየ፤ እኔን ሲያይ ፈገግ አልኩለት። ወደ በሩ ሄደ። አባቴ ቀና ብሎ አየው። አልተነሣም፤ አልተናገረም። ጉልበቱን ብቻ ሰብሰብ አደረገለትና አዴሊኖ በዚያ ክፍተት ወጣ።

ስለ አባቴ ብዙ ነገር ይቅር ማለት ያቃተኝን ያህል፣ ይህችን ጉልበት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ከመርከቡ የመጡት አንድ ባለ ቆብ ሹምና ሁለት መርከበኞች ነበሩ። ቤት ለቤት ፈለጉት፤ የለም። ቢጫ ታንኳው ቦታው ላይ ነው። አጎት አዛርያ ወደ እኔ መጥተው በርከክ አሉ። ፊታቸው ደግ ነበር፤ የኬክ ፍርፋሪ ጺማቸው ላይ ነበረ።

«ሰሊና፣ አዴሊኖ አፍሮ ተደብቋል። መርከቡ ደግሞ ሊሄድ ነው፤ የእናቱ ዕቃ ሳይደርሰው ሊቀር ነው። የት እንደሚደበቅ የምታውቂ አንቺ ነሽ አሉ።»

አባቴን ፈልጌ አየሁት። ባሕሩን ነበር የሚመለከተው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ራሱን እንኳን ቢነቀንቅ፣ እኔ አፌን እይዝ ነበር። ይህን ስልሳ ዓመት ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ፤ አሁንም እለዋለሁ።

ከፊት እየዘለልኩ መራኋቸው። አክስቴ ትራይፊና የድንች ጉድጓዷ በር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። እኛን ስታይ እጇ አልቆመም። «ሰሊና፣ ቤትሽ ግቢ» አለችኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም። እኔ ግን እሷም በጨዋታው ውስጥ ያለች መሰለኝ። በጎኗ ሾልኬ በሩን አንኳኳሁና፣ «አዴሊኖ! እኔ ነኝ!» አልኩ።

ራሱ ከፈተው። ማንም በሩን አልሰበረም፣ ማንም አልጎተተውም። የኔ ድምፅ ስለሆነ ከፈተው።

«አገኘሁህ!» አልኩና ሳቅኩ።

እኔን አየኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን ሦስቱን አየ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ ማንበብ አልቻልኩም። የተሸነፈ ልጅ እንደሚያኮርፍ ነው የመሰለኝ። የድንች አፈር ልብሱ ላይ ነበር፤ አራግፎ ወጣ። በመርከበኞቹ መሐል ወደ ጀልባው ሲወርድ እኔ አጠገብ አጠገቡ እየሮጥኩ ዕቃው የታለ፣ ደብዳቤው የታለ እያልኩ ሹሙን እጠይቅ ነበር። ሹሙ ቋንቋዬን አያውቅም፤ ራሴን ዳበሰኝ። አዴሊኖ ዞር ብሎ አላየም።

ማታ እናቴን መቼ ይመለሳል አልኳት። «ነገ» አለችኝ። በነገታው ጠየቅኳት፤ አሁንም «ነገ» አለችኝ። እንዲህ እያለች በረዶው ገባ።

አክስቴ ትራይፊና ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። በበጋው መጀመሪያ የፖስታ መርከቧ ስትመጣ ሻንጣዋን ይዛ ተሳፈረች፤ እህቷ ዘንድ ሄደች ተባለ። ጉቶው በጸዳው መሬት ላይ አጎት አዛርያ ለሁለተኛ ልጃቸው ቤት ሠሩ። ጥሩ መሬት ነበር፤ አንድ ሥር አልቀረበትም።

ከስድስት ዓመት በኋላ መንግሥት ትንንሽ መንደሮች ይዘጋሉ አለ፤ አሥራ አራታችንም ቤት ተነሥተን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለ ትልቅ ከተማ ሄድን። ለእኛ የደረሰን ከከተማው ጀርባ ያለው ረግረግ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ «ባሕር የተፋቸው» ይሉን ነበር። ሱቅ ስንገባ ወሬው ይቆማል። አባቴ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል የዓሣ ፋብሪካ ወለል ጠራጊ ሆነ፤ የከተማው ሰዎች በእነሱ ባሕር ላይ አንድ ክንድ ቦታ እንኳን አልለቀቁለትም።

እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሴንት ጆንስ ወደተባለው የወደብ ከተማ ወርጄ ነርስነት መማር ጀመርኩ። ፖርቱጋሎቹ ሲታመሙ እኛ ወዳለንበት ሆስፒታል ይመጡ ነበር። አንድ ቀን መንጠቆ መዳፉን የበሳው ጎልማሳ መጣ፤ ዣይሜ ይባላል፤ ቋንቋችንን ደህና አድርጎ ይናገራል። ቁስሉን ሳጥብለት አገሩን ጠየቅኩት። ሲነግረኝ እጄ ቆመ፤ አዴሊኖ ሺህ ጊዜ የነገረኝ የትውልድ መንደሩ ስም ነበር። አዴሊኖ የሚባል ታውቃለህ ወይ አልኩት።

ማን የማያውቀው አለ፣ አለኝ። አንጎላ ሄዶ አንድ እግሩን እዚያ ጥሎ መጣ። አሁን ወደብ ላይ መረብ ይጠግናል። ክረምት ሲሆን ሰው ተሰብስቦ የሚያዳምጠው ስለዚህ አገር ሲያወራ ነው፤ ከባሕር ስላወጡት ሰዎች፣ በየቤቱ ተሻምተው ስላበሉት፣ መሬት ሰጥተው ቤት ሊሠሩለት ስለነበሩት፣ ግብዣ ስለደገሱለት ሰዎች።

«እንደነሱ ያሉ ደጎች በዓለም የሉም ይላል» አለኝ ዣይሜ። «አንዲት ልጅ ናት የሸጠችው። የሚወዳት ልጅ ነበረች። መርከበኞቹን ይዛ መጥታ፣ በር አስከፍታ፣ ቆማ ሳቀችበት።»

«ስንት ዓመቷ ነበር አለ?»

ዣይሜ ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን እንደምትሠራ ለማወቅ አታንስም ነበር ይላል።»

ፋሻውን ጠቀለልኩለት። ሲወጣ ለአዴሊኖ የምትልኪው መልእክት ካለ ላድርስልሽ አለኝ፤ በምን እንደማውቀው አልጠየቀኝም፣ ምናልባትም ገምቷል። የለኝም አልኩት። እውነቱን ብነግረው ከአዴሊኖ የምወስደው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አሰብኩ፤ አንድ እግር ለሌለው ሰው በዓለም ላይ የቀረችው ደግ መንደር ያቺው ነበረች። እንዲህ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ፈሪ ስለነበርኩም ይሆናል።

ለገና ወደ ቤት ስሄድ ለአባቴ ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠ።

«ስለኛ ምን ይላል?»

«ደጎች ናቸው ይላል።»

«ሁላችንም?»

«ከአንዲት ልጅ በቀር» አልኩት።

ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ቀና ሲል ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር፤ ለኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁለት። «ተመስገን» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይረግመኛል እያልኩ ነበር።» እናቴ እንደነገረችኝ፣ ያን ሌሊት ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ንጋት ተኛ።

ከበዓሉ በኋላ በየቤቱ እየዞረ ለጋነት ኮቭ ሰዎች ነገራቸው። አጎት አዛርያ ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ላይ ነበሩ፤ እጁን ይዘው ድገመው አሉት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወሬው የከተማው ሆነ። የከተማው ሰዎች ሲያሳንሱን፣ የኛዎቹ አፋቸውን ሞልተው፣ እኛ እኮ እንግዳ አከባበር እናውቃለን፤ ከባሕር ያወጣነው ሰው እስከ ዛሬ ስማችንን በደግ ያነሣል፤ እናንተ ግን እኛን ምን አደረጋችሁን ይሏቸዋል። ስለ ልጅቷ የሚያነሣ የለም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ከጋነት የመጣ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ግማሽ ሞላው። ቄሱ ወጣትና አዲስ ነበር፤ ሰው የነገረውን ነው የሚያውቀው። ኤላም ፓርዲ የማያውቀውን ሰው ከማዕበል አውጥቶ እንደ ልጁ እንዳኖረው፣ ሰውየውም በባሕር ማዶ እስከ ዛሬ እንደሚባርከው አወራ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አለቀሱ። አንዳንዶቹ ከልባቸው ነበር።

በመካከሉ እናቴ እጄን ያዘችኝ። ጥብቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ፤ ጣቶቼ እስኪነጩ። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። ጸሎቱ አልቆ፣ ሳጥኑ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እስኪሄድ ሳትለቀኝ ስትቀር ነው፣ ተነሥቼ እንዳልናገር እንደያዘችኝ የገባኝ።